ሕያውን በጠብታ መስፈር፦ የከብት ደስታ፣ የሕዋስ እርባታ እና የቤተ ሙከራ እጆች ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ በጣም ትንሽ ድርጊት ነው። አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሕያዋን ሕዋሳት ያሉበትን ፈሳሽ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ፣ ሕዋሳቱን ሳይጎዳና ልኩን ሳያዛንፍ ሲያዛውር የሚፈጽመው ድርጊት ነው። ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም። የታሪክ መጻሕፍት አይጠቅሱትም። እኛ የሳይንስ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ስለ ግኝት፣ ስለ ዘመቻና ስለ ተቋም ብዙ እንጽፋለን፤ ስለ እጅ ግን እምብዛም አንጽፍም። ይሁን እንጂ በአገራችን ታሪክ ከደረሱት ጥፋቶች ሁሉ ከከፉት አንዱ ዳግመኛ እንዳይመለስ የተደረገው በዚህ ድርጊት ብዙ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። ላሳያችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

አማርኛችን ፈሳሽን ለማዛወር ብዙ ግሦች አሉት። ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ቡና ከጀበና ይንቆረቆራል፤ ውኃ ይገለበጣል፤ ጠጅ ይጣራል፤ መድኃኒት ጠብ ይደረጋል። ለእህል ደግሞ መስፈር የሚል ግሥ አለን፤ በቁና ልኩን ጠብቆ መስጠት ማለት ነው። ሕያው ሕዋስን ማከፋፈል ከእነዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል፤ ከአንዳቸው ጋር ግን ፈጽሞ አንድ አይሆንም። የእንስሳ ሕዋስ እንደ ዕፅዋት ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ በስስ ሽፋን ብቻ የተከበበ ነው። ስፋቱም ከሚሊ ሜትር መቶኛ እስከ ሃምሳኛ የሚደርስ ነው። በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ቢገፋ ይቀደዳል፤ ከከፍታ ቢንቆረቆር በአረፋው ይጎዳል፤ ያለ እንቅስቃሴ ቢቆይ ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ባለሙያው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ርኅራኄና ልክ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ስለ ትዕግሥት የተነገረ ነው፤ እዚህ ግን የሥራ መመሪያም ይሆናል።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ደስታ የተባለው ሞት

ታሪኩ የሚጀምረው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከእርሻ ማሳ ነው። በ1887 ለኢጣሊያ ጦር ተብለው በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር አንድ በሽታ አብሮ ገባ። ሕዝባችን ክፉውን በመልካም ስም የመጥራት ልማድ አለውና ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል። በዓለም አቀፉ ሳይንስ ሪንደርፔስት በመባል ይታወቃል። አምጪው ቫይረስ ከሰው ኩፍኝ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከብቱን በኃይለኛ ትኩሳት ይይዘዋል፤ አፉን ያቆስለዋል፤ በተቅማጥ አድርቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል።

በሽታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በብዙ ቦታ ከአሥሩ ዘጠኙ እንደሞተ የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ያልታረሰ መሬት እህል አልሰጠም። ድርቅና የሰብል ተባይ ተጨመሩበት። በእኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል። የእንጦጦ ተራራ ቁልቁል የሚያያቸው የመናገሻ ሜዳዎች፣ ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተቆረቆሩባቸው ቦታዎች፣ ከበሬ እርሻና ከላም ወተት ውጭ የሚታሰቡ አልነበሩም። የከብት ሞት የሰው ሞት ነበር።

ይህን ያነሣሁት ሐዘንን ለመቀስቀስ አይደለም። በሽታው ከዚያ በኋላም በኢትዮጵያ ምድር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ዘንድሮ የጠፋ ሲመስል በከርሞው በሌላ ቆላ ይታያል። ስለዚህ ጥያቄው፣ እጅግ ብዙ ከብት በየዓመቱ ሊከተብበት የሚችል፣ ርካሽ፣ የማይጎዳና ሁልጊዜም ያው የሆነ ክትባት ከየት ይመጣል? የሚል ነበር።

ከእንስሳ አካል ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ

የመጀመሪያዎቹ መልሶች የተገኙት ከሕያው እንስሳ አካል ነው። ሮበርት ኮህ በ1890ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ ሆኖ ከታመመ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን ሊከላከልለት እንደሚችል አሳየ። በ1920ዎቹ ኤድዋርድስ በሕንድ ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል በማዛወር አለዘበው። እነዚህ ዘዴዎች ብዙ ከብት አድነዋል። ነገር ግን የክትባቱ ፋብሪካ እንስሳው ራሱ ነበር፤ እያንዳንዱ ፍየል ደግሞ ከሌላው ይለያል። የዛሬው ክትባት ከትናንቱ ጋር እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም፤ ለአንዳንድ የከብት ዝርያም ከመጠን በላይ ይከብድ ነበር።

ይህ በተለወጠበት ጊዜ ከእንስሳት ሕክምና ውጭ ሌላ ለውጥ እየተካሄደ ነበር። ሮስ ሃሪሰን በ1907 የእንቁራሪትን የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ከአካል ውጭ በጠብታ ውስጥ አኑሮ ሲያድግ ተመልክቶ ነበር። በ1949 ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ የፖሊዮን ቫይረስ በብርጭቆ ዕቃ በተራቡ ሕዋሳት ውስጥ አሳደጉ፤ ለዚህም በ1954 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሬናቶ ዱልቤኮ ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ሕብረ ሕዋስን ነጣጥሎ፣ ሕዋሳቱን በጠርሙሱ ወለል ላይ እንደ ስስ ምንጣፍ አንድ ድርብ አድርጎ የማንጠፍን ዘዴ ለቫይረስ ሥራ አመቻቸ።

ያን ዘዴ ለደስታ በሽታ ያዋለው ዋልተር ፕላውራይት ነው። በኬንያ፣ ከናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ሙጉጋ፣ ከሥራ ባልደረባው ፌሪስ ጋር የጥጃን ኩላሊት በትሪፕሲን እየነጣጠለ፣ ሕዋሳቱን በጠርሙስ ዘርቶ፣ ካበቴ ኦ የተባለውን የቫይረስ ዝርያ በእነርሱ ላይ አሳደገ። ከዚያም ቫይረሱን ከአንዱ የሕዋስ ጠርሙስ ወደ ሌላው ደጋግሞ አዛወረው። ዝውውሩ ወደ ዘጠናዎቹ ሲደርስ ቫይረሱ ለከብት ገር ሆነ፤ የመከላከል ኃይል የመስጠት ጠባዩን ግን አልጣለም። ውጤቱ በ1962 ታተመ። ፕላውራይት በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ለዚህ ሥራው ነው።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ላንሣ። ዘጠና ጊዜ ማዛወር ማለት ምን ማለት ነው? ዘጠና ጊዜ ኩላሊት መክተፍ፤ ዘጠና ጊዜ በኢንዛይም መነጣጠል፤ ዘጠና ጊዜ ሕዋሳቱን ሳይቀድዱ በፒፔት ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ፤ ዘጠና ጊዜ መቁጠርና በየጠርሙሱ እኩል መዝራት። ሕዋስ ከበዛ ምንጣፉ ቶሎ ይጨናነቅና ይላጣል፤ ካነሰም ሳይገጥም ይቀራል። በመካከል አንድ ጊዜ እንኳ ባክቴሪያ ቢገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በታተመው ጽሑፍ ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ታልፏል። በቤተ ሙከራው ግን ዓመታት ፈጅቷል።

አፍ፣ አውራ ጣትና ሰሌዳ

የዚያ ዘመን ባለሙያ ዋና መሣሪያ የብርጭቆ ፒፔት ነበር፤ የሚሳበውም በአፍ ነው። ባለሙያው የፒፔቱን ጫፍ በከንፈሩ ይዞ፣ ፈሳሹ እስከ ምልክቱ ሲደርስ በጣቱ ይዘጋዋል፤ ከዚያም ጣቱን በጥቂቱ እያላላ ያወርደዋል። የዚህ ዘዴ አደጋ ለማንም ግልጽ ነው፤ ትንፋሹን ያሳሳተ ሰው የሚያጠናውን በሽታ ሊውጥ ይችላል። በብዙ አገሮች ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ታመዋል። ሆኖም ስለዚያ ዘመን ያነጋገርኳቸው ሰዎች አፍ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ለስላሳ እንደነበር ይናገራሉ። የሰለጠነ ከንፈር ፈሳሹ መቼ እንደሚቸኩል ያውቃል።

በ1957 በጀርመን አገር በማርቡርግ ከተማ ሃይንሪሽ ሽኒትገር የተባለ ወጣት ሐኪም በአፍ መሳብ ሰለቸው። በሞላ የሚመለስ ፒስተን ያለው፣ በአውራ ጣት የሚሠራና ጫፉ የሚለወጥ ፒፔት ሠራ። በማይክሮ ሊትር የሚሰፍረው መሣሪያ ከዚያ ተወለደ፤ ዛሬ በማንኛውም ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አለ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1951፣ የሃንጋሪው ሐኪም ጁላ ታካቺ የኢንፍሉዌንዛ ምርመራ በዝቶበት የመስታወት ዕቃም አጥሮት ሳለ፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች በረድፍ አስቆፈረ። ዛሬ 96 ጉድጓድ ያለው ሰሌዳ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ይመለሳል። ይህን ለተማሪዎቻችን በተለይ አነሣዋለሁ፤ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ዕቃ የተፈጠረው ሀብት በተረፈበት ቦታ ሳይሆን ዕቃ በቸገረበት ቦታ ነው።

ነገር ግን ፒስተኑ የእጅን ጥበብ አላስቀረም፤ ከከንፈር ወደ አውራ ጣት አዛወረው እንጂ። በተማሪነቴ ዘመን፣ ወደ ታሪክ ጥናት ከመዞሬ በፊት፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሕዋስ እንድዘራ ተሰጠኝ። ፒስተኑን በአንድ ጊዜ ተጫንኩት፤ አረፋ ተነሣ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ያሉት ሕዋሳት አብዛኞቹ አልተጣበቁም። አንድ አረጋዊ ቴክኒሻን አጠገቤ ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምትቀዳው ውኃ አይደለም» አሉኝ። ከዚያም ጠርሙሱን በእርጋታ ሲያወዛውዙ፣ የፒፔቱን ጫፍ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፈሳሹን እንደ ላብ ሲያወርዱት አየሁ። ከዚያ ወዲህ በየትም መጽሐፍ ያን ያህል የተማርኩ አይመስለኝም።

የደብረ ዘይት ስሌት

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1964 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ተመሠረተ። አፍሪካ በዚያን ጊዜ ከ1962 እስከ 1976 የቆየውን «የጋራ ፕሮግራም 15» የተባለ ደስታን የማጥፋት ዘመቻ ጀምራ ነበር፤ ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆነች። ዘመቻው በሽታውን እጅግ አዳከመው፤ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም። ክትትሉ ሲላላ በሽታው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ አንሰራራ። በ1986 የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ ሲጀመር ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «ክትባቱ በእርግጥ ክትባት ነበርን?» የሚል ነበር። ናሙናዎች ሲመረመሩ ከየአገሩ የወጡ ብዙ ክትባቶች የሚጠበቀውን ኃይል አያሟሉም ነበር። በዚህም ምክንያት የክትባቶችን ጥራት የሚቆጣጠር አህጉራዊ ማዕከል ተቋቋመ፤ ይህ ማዕከል ዛሬ በቢሾፍቱ የአፍሪካ ኅብረት ተቋም ሆኖ ይሠራል።

የጥራቱ ስሌት የንግግራችን እምብርት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ለአንድ ከብት የሚሰጠው ልክ ቢያንስ አሥር በኃይል ሁለት ነጥብ አምስት፣ ማለትም 316 ገደማ፣ ሕዋስን የመበከል አቅም ያለው የቫይረስ አሐድ ሊኖረው ይገባል። ቫይረሱን በዓይን መቁጠር አይቻልም፤ የሚቆጠረው በሕያዋን ሕዋሳት ምስክርነት ነው። ባለሙያው ክትባቱን አሥር እጥፍ፣ እንደገና አሥር እጥፍ እያደረገ ያቀጥነዋል፤ ከየደረጃው ጥቂት ወስዶ በሰሌዳው ላይ ባሉ ሕዋሳት ላይ ያፈስሳል፤ ከቀናት በኋላም በየትኛው ጉድጓድ ሕዋሳቱ እንደሞቱ ያያል። ሞታቸው መልሱ ነው።

እንግዲህ ባለሙያው በየደረጃው ሊያዛውር ከሚገባው አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢያጎድል ምን ይሆናል? ከአምስት ደረጃ በኋላ ስሕተቱ ተጠራቅሞ ውጤቱን ከሲሶ በላይ ያዛባዋል። ሕዋሳቱን በሚዘራበት ጊዜ ጠርሙሱን ማወዛወዝ ቢረሳ ደግሞ ሕዋሳቱ ይዘቅጡና የመጀመሪያው ረድፍና የመጨረሻው ረድፍ እኩል ሕዋስ አያገኙም፤ ያኔ የሚነበበው የቫይረሱ ኃይል ሳይሆን የባለሙያው መዘናጋት ነው። በቆጠራ መስታወት ላይም እንዲሁ ነው። በአጉሊ መነጽር የምናየው አንድ አራት ማዕዘን የሚይዘው ከአንድ ሚሊ ሊትር አሥር ሺህኛውን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የተሳሳተ አንድ ሕዋስ በሚሊ ሊትሩ የአሥር ሺህ ሕዋስ ስሕተት ይሆናል።

በወረቀት ላይ ያለፈ ደካማ ክትባት በመስክ ላይ ያልተከተበ ከብት ማለት ነው። አርብቶ አደሩ መንጋውን ሰብስቦ፣ አንድ ቀን ሙሉ ደክሞ፣ «ተከተበልኝ» ብሎ ይሄዳል። በሽታው ሲመጣ ከብቱ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክታቢ ማን ያምነዋል? ስለዚህ በቢሾፍቱ ጠረጴዛ ላይ የሚሰፈረው ጠብታ የቫይረስ ልክ ብቻ አልነበረም፤ የእምነትም ልክ ነበር።

በአፋር ሙቀት

ልኩን የጠበቀ ክትባት እንኳ አንድ ጠላት ነበረው፤ ሙቀት። የፕላውራይት ክትባት ከፋብሪካ እስከ ከብቱ ድረስ በረዶ ይፈልጋል። በረዶ የማይደርስባቸው ቆላዎች ደግሞ በሽታው የተሸሸገባቸው ናቸው።

በ1990 ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ ያንኑ ቫይረስ ቬሮ በተባሉ ሕዋሳት ላይ አሳድገው፣ በብርድ የማድረቁን ሂደት በማሻሻል ሙቀትን የሚችል ክትባት አወጡ። ቬሮ ሕዋሳት በ1962 በጃፓን ቺባ ዩኒቨርሲቲ ከአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት የተገኙ ናቸው። እንደ ጥጃ ኩላሊት ሕዋስ በየጊዜው አዲስ እንስሳ ማረድ አያስፈልጋቸውም፤ በጥንቃቄ ከተከፋፈሉ ትውልድ ከትውልድ ይቀጥላሉ። የደረቀው ክትባት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሳምንታት መቆየት ስለቻለ በእግር የሚጓዝ ሰው በከረጢቱ ሊይዘው ቻለ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአፋር ማኅበረሰብ የተመረጡና የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መንጋውን ተከትለው፣ መኪና በማይደርስበት፣ የራሳቸውን ዘመዶች ከብት ከተቡ። የተገኘው የመከላከያ ውጤት ከባለሙያ ቡድኖች ያልተናነሰ ነበር። እዚያም ቢሆን ሥራው መስፈር ነበር። የደረቀውን ክትባት በንጹሕ ፈሳሽ በጥብጦ፣ መርፌውን ልክ አድርጎ፣ ፀሐይ ሳያገኘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጨረስ። ቤተ ሙከራው ሰንሰለቱን የጀመረው እንጂ የጨረሰው አልነበረም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። በ2008 አገራችን ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ ዓለም ሁሉ ነጻ መውጣቷ ታወጀ። ከፈንጣጣ በኋላ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ሰበታ፣ ሱሉልታና የላሟ ደም

በሽታ መጥፋቱን ማወጅ ቀላል ነው፤ ማረጋገጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ከሚነሡት የአገራችን ተቋማት አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ቤተ ሙከራ ነው። ከየክልሉ የተሰበሰበ የከብት ሴረም በጉድጓድ ሰሌዳዎች ላይ ይመረመር ነበር። በዘመቻው ወቅት በሴረሙ ውስጥ አንቲቦዲ መገኘቱ የምሥራች ነበር፤ ከብቱ በእርግጥ መከተቡን ያሳያልና። ክትባቱ ከቆመ በኋላ ግን ያው ውጤት አስደንጋጭ ሆነ፤ ክትባት ሳያገኝ ከተወለደ ጥጃ አንቲቦዲ ከተገኘ ቫይረሱ አሁንም በአንድ ቦታ አለ ማለት ነውና። ሰሌዳው አልተለወጠም፤ ፒፔቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው። ለሁለቱም ትርጉም ግን የሚታመን ልክ ያስፈልግ ነበር። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ይህ የእንስሳት ቤተ ሙከራ የሰው ናሙናም እንዲመረምር ሲጠራ፣ የተጠራው መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ልክ የለመደው እጅም ነበር።

በዚሁ አካባቢ ሕያው ሕዋስ የሚሰፈርበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ የላም ሳንባ ነቀርሳ። የአዲስ አበባ ወተት ከፍ ያለ ድርሻው የሚመጣው ከዙሪያዋ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሆለታና ከሰንዳፋ ነው። ወተት የሚበዛላቸው የተዳቀሉ ላሞች በአንድ በረት ተጠጋግተው ሲኖሩ በሽታው በቀላሉ ይተላለፋል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ፣ እነዚህን ከተሞች ጨምሮ፣ በ88 መንጋዎች 2,956 የወተት ከብቶችን በቆዳ ምርመራ ፈትሾ 30 በመቶ የሚሆኑት በሽታውን የሚያመለክት ውጤት እንዳሳዩ አስታወቀ። ቁጥሩ ከባድ ነው፤ ወተትን ጥሬውን የሚጠጣ ቤተሰብ ላለበት አካባቢ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።

ከቆዳው ምርመራ ጎን ለጎን በአገራችን ምርምር ያገለገለ የደም ምርመራ አለ። ምርመራው የሚጠይቀው የላሟን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፦ «ይህን ባክቴሪያ ከዚህ በፊት አይታችሁታልን?» ብሎ። ለመመለስ ሕዋሳቱ በሕይወት መኖር አለባቸው። ደሙ ከሱሉልታ በረት ከተቀዳ በኋላ በረዶ ላይ አይቀመጥም፤ በመንገድ ላይ በኃይል አይናጥም፤ ቀኑ ሳያልፍ ቤተ ሙከራ ይደርሳል። ባለሙያው ቱቦውን ቀስ ብሎ ገለበጥ ቀና እያደረገ ያዋሕደዋል፤ በየጉድጓዱ እኩል ያከፋፍለዋል፤ ከባክቴሪያው የተዘጋጀውን ፕሮቲን ጨምሮ በላሟ የሰውነት ሙቀት አካባቢ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ያሳድረዋል። ሕዋሳቱ በሽታውን የሚያውቁት ከሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በማግስቱ የሚለካው እርሱ ነው። በመንገድ የሞተ ሕዋስ ግን ዝም ይላል። ዝምታውም «ላሟ ጤነኛ ናት» ተብሎ በስሕተት ሊነበብ ይችላል።

ይህ ስሕተት የሚያርፈው በሰው ትከሻ ላይ ነው። አንዲት ላም ያላት የሱሉልታ እናት ላሟ በሐሰት ታማለች ብትባል የዕለት ገቢዋን ታጣለች፤ በሐሰት ጤነኛ ናት ብትባል ደግሞ ልጆቿ በሽታ ይጠጣሉ። በዚህ ሚዛን ላይ የተቀመጠው የአንድ ቴክኒሻን አውራ ጣት ነው።

እጅ የሚተወው ማስረጃ

ዛሬ ሕዋስን የሚሰፍሩ ማሽኖች አሉ። በ1965 ማክ ፉልዋይለር በአሜሪካ ሕዋሳትን በጠብታ ውስጥ አድርጎ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕዋስ በአንድ ጉድጓድ የሚያኖሩ፣ ፈሳሹን ሳይነኩ በድምፅ ሞገድ የሚያነሡ መሣሪያዎች ተፈጥረዋል። ወደ እኛም ይመጣሉ፤ ይምጡም። ነገር ግን ማሽኑ ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መለዋወጫው በጉምሩክ ሲዘገይ፣ ሥራው ተመልሶ እጅ ላይ ይወድቃል። ማሽኑ በትክክል መስፈሩን የሚፈርድም ትክክልን የሚያውቅ እጅ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። ዓለም እስከ 2030 ሊያጠፋው ያቀደው የበግና የፍየል በሽታ በአማርኛ «ደስታ መሰል» ይባላል፤ ቫይረሱም የደስታ ቫይረስ ዘመድ ነው። ክትባቱ በቬሮ ሕዋሳት ላይ ይራባል፤ በቢሾፍቱም ይመረታል። እንግዲህ የከብቱ ደስታ የጠፋበትን ሥራ በበግና በፍየል ላይ ልንደግመው ነው። የከብቱን ዘመቻ የሠሩት ባለሙያዎች ግን አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም በሕይወት የሉም። እውቀታቸው በመመሪያ መጽሐፍ አልተጻፈም። ፈሳሹ ሲወፍር ፒፔቱን ምን ያህል ማዘግየት እንደሚገባ፣ ሕዋሳቱ ከወለሉ ለመላቀቅ መድረሳቸውን ጠርሙሱን በብርሃን ፊት አዘንብሎ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የትኛውን ጠርሙስ አስቀድሞ ማዳን እንደሚሻል፤ ይህ ሁሉ በእጅና በትዝታ ነው ያለው።

የታሪክ ተማሪዎቻችን የመንግሥት ሰነድ ፍለጋ ወደ መዛግብት ቤት ይሄዳሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። እኔ ግን አንዳንዶቻችሁ ወደ ሰበታና ወደ ቢሾፍቱ ሄዳችሁ፣ በየመደርደሪያው አቧራ የሸፈናቸውን የሥራ ደብተሮች እንድታገላብጡ፣ አረጋውያን ቴክኒሻኖችንም በሕይወት ሳሉ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። በእነዚያ ደብተሮች ዳርቻ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ የሕዋስ ቆጠራ፣ የጠርሙስ ቁጥር፣ «ተበላሸ» የሚል አንድ ቃል። የክፉ ቀን ታሪክ በዜና መዋዕልና በመንገደኞች ጽሑፍ ተጽፎልናል፤ ክፉ ቀንን ከአገራችን ያባረረው ታሪክ የተጻፈው ግን በእነዚያ የእርሳስ ቁጥሮች ነው። ካላነበብናቸው ይደበዝዛሉ።

የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎችንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ ሙከራ ገብታችሁ ፒፔት ስታነሡ ከመጫናችሁ በፊት ለአንድ አፍታ ቆም በሉ። በጫፉ ውስጥ ያለው ሕያው ነገር ነው፤ ከእርሱ በስተኋላ ደግሞ አንድ በሬ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ቤተሰብ አለ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብላችሁ ስፈሩ።